ለቻይና ዋስ የጠፋበት ቀን

የሰውን ንብረት መስረቅ ቀላል ነው። ከባዱ የራስን ንብረት የራሴ ነው ብሎ ማስመስከር ነው። አላመናችሁም? እስቲ አሁን እግራችሁ ላይ ያለው ጫማ የእናንተ መሆኑን አስረዱኝ። ደረሰኙ የለም። የሸጠላችሁ ሰው ሱቁን ዘግቶ አገር ለቋል። ጎረቤታችሁን ለምስክርነት ብትጠሩት፣ "እኔ እንኳ የወንድምህ ይመስለኝ ነበር" ብሎ ቁጭ ይላል። እንግዲህ በባዶ እግር ወደ ቤት መሄድ ነው...

እኔ የተወሰደብኝ ጫማ አይደለም፤ ግጥም ነው። አራት ስንኝ። የወሰደችብኝም ቻይና ናት። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ፣ ያን የሚያህል ግንብ ገንብታ፣ በእኔ አራት ስንኝ ምን ጎደለባት ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ቻይና ምንም አላጠፋችም። በገዛ እጄ አንስቼ የሰጠኋት እኔው ነኝ።

ያኔ መንዝ፣ ሞላሌ አስተማሪ ነበርኩ። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሄጄ፣ ደርግ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እስኪቀመጥ እዚያው ነበርኩ። ትውልዴ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ስለሆነ ብርድ የሚባለውን ነገር በስም ብቻ ነበር የማውቀው። ሞላሌ በአካል አስተዋወቀኝ። ጠዋት የተማሪ ስም ስጠራ "አቤት" የሚለው ድምፅ ከልጆቹ አፍ የሚወጣው ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ጉሙማ አይነሳ። ሰሌዳው ላይ "ሀ" ብዬ ጽፌ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ብዬ ስመለስ፣ "ሀ"ን ጉም ይዟት ሄዷል። እንዳጋነንኩ ከጠረጠራችሁ ሄዳችሁ "ሀ"ን ፈልጓት።

እዚያ ጉም ውስጥ ነው የሺን ያየኋት። የሺ የግራዝማች ደምሴ ልጅ ናት። ልጅቱን ማየት ቀላል ነበር፤ አባትየውን ማለፍ ነው እንጂ ጭንቁ።

ግራዝማች አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ርስት የተሟገቱ ሰው ናቸው። ርስቲቱ አንድ ላም ብትተኛባት ጅራቷ የጎረቤት መሬት ላይ ያርፋል። ለዚች መሬት ሲሉ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግር ተመላልሰው መንገዱን በሁለት ጣት ዝቅ አድርገውታል። ዘር ሲቆጥሩ ደግሞ ለጉድ ነው፤ አዳም ላይ ለመድረስ ሁለት ቤት ሲቀራቸው ነው "እንግዲህ ከዚህ በላይ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ" ብለው የሚያቆሙት።

ሽማግሌ ላክሁባቸው።

"ምን አለው?" አሉ ግራዝማች።

"ደመወዝ አለው።"

"ደመወዝ ዘር ይቆጠርበታል?"

"አይቆጠርበትም።"

"ሰው ይሟገትበታል?"

"ኧረ አይሟገትበትም።"

"ሰው ያልተሟገተበት ነገር ሀብት አይባልም" ብለው ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው ሸኟቸው። ጠላው ጥሩ ነበር አሉኝ። እኔ አልጠጣሁም።

አባትየው እምቢ ሲሉ በቀጥታ ወደ ልጅቱ ዞርኩ። ደጃቸው ላይ ሁለት ሳምንት ቆምኩ። ውሻቸው አባሮኝ ሱሪዬን ዘነጠለው። በመጨረሻ አንድ ግጥም ጻፍኩና በገበያ ቀን፣ ሰው በበዛበት፣ ወረቀቱን አጣጥፌ የሺ እጅ ውስጥ ሸጎጥኩት። ግጥሙ ይኸውላችሁ፦

ጉም ከገደል ወጣ፣ መንገድህን በላው፤
እንዝርቴን ባሾረው፣ ክሬ አልደርስ አለው።
በጎቼ ሁለቴ ጠጉር አበቀሉ፤
የሸኙህ እግሮቼ ከደጅ ቆመው አሉ።

"ወንድ ሆነህ ሳለ ምነው በሴት አፍ ተናገርክ?" ትሉኝ ይሆናል። ብልጠቴ ነዋ። ወረቀቱ ግራዝማች እጅ ቢገባ "እኔ አልጻፍኩትም፤ አንዲት ባሏ የራቃት ምስኪን ሴት ናት የጻፈችው" ብዬ ለመካድ እንዲያመቸኝ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ግጥሙን ገና ስወልደው ለመካድ አመቻችቼ ነው የወለድኩት። ሰው የዘራውን ያጭዳል።

የሺ መልስ አልሰጠችኝም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር... ጭራሽ። ወረቀቱን እሳት ማያያዣ አድርጋዋለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ የመሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ክርክሩም አብሮ ቀረ። መንዝ ጸጥ አለ። ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሟገቱ የኖሩ ሽማግሌዎች አንድ ጠዋት ተነስተው ባላንጣ አጡ። ግራዝማች ደምሴ ከባላንጣቸው ጋር አጥር ተደግፈው ጎን ለጎን ፀሐይ ሲሞቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አንጀት ይበላሉ። "መሬቱንስ ይውሰዱት" ይሉ ነበር፤ "ክርክሬን ግን ምን አደረጉት?"

አዋጁን ተከትሎ ካድሬ መጣ። ጓድ ዘለቀ ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የውይይት ክበብ አቋቋመ፤ የቀረ ሰው አድኃሪ ተብሎ ስለሚመዘገብ ጉልበት ያለው ሁሉ ይመጣል። ሴቶቹም እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና ጓድ ዘለቀ ስለ ዓለም ሠርቶ አደር ሲናገር እነሱ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ከዚያ ክበብ የወጣ ተጨባጭ ውጤት ቢኖር እሱ ፈትል ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ስለ ሞላሌ ብርድ የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩ። ጓድ ዘለቀ ራሱን ነቀነቀ።

"ጓድ መምህር፣ ይህ የንዑስ ከበርቴ ብርድ ነው። ሰፊው ሕዝብ እንዲህ አይበርደውም።"

ሰፊው ሕዝብ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ አጨበጨበ።

ያኔ ደግሞ ጓድ ዘለቀ ቻይናን ሲወድ ለብቻው ነበር። ቻይና ስታስነጥስ እሱ መሐረብ ያወጣል። እኔም በሳምንቱ ያችን መልስ ያጣች አራት ስንኜን አወጣሁና "ጥንታዊ የቻይና ግጥም ናት፤ ከእንግሊዝኛ መልሻት ነው" ብዬ አነበብኩ። ጓድ ዘለቀ ከወንበሩ ተነሳ። "ይኸውላችሁ" አለ፤ "ሠርቶ አደር ሲበርደው እንዲህ ነው።" ወዲያው አስገልብጦ፣ ፈርሞ፣ ለአውራጃ ላከው።

እኔ በኩራት ወደ ሴቶቹ ጥግ ስመለከት ግን የሺ እንዝርቷን አቁማ አፍጥጣብኛለች። ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ነገር ያኔ ገባኝ። ለእሷ ብቻ የተጻፈ መስሏት የተቀበለችው ግጥም፣ ይኸው አሁን የቻይና ትራፊ ሆኖ ቀረበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። መልስ አልሰጠችኝም ብዬ የማማርረው ለካ ገና መልሱ አልመጣም ነበር...

ወደዚያች ቅዳሜ ልመልሳችሁ፤ ግጥሙን አንብቤ ሳልቀመጥ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ሳል ተሰማ። ግራዝማች ናቸው።

"ድገመው እስቲ" አሉኝ።

ደገምኩት።

"ይህ የእኛ ነው።"

"የእናንተ ማለት?" አለ ጓድ ዘለቀ።

"የአያቴ እናት ወለተ ሐና ባሏ ዘመቻ ሲሄድ የተናገረችው ነው። ወለተ ሐና ከራቤል ናት። ጉሙ የራቤል ጉም ነው። ገደሉን አውቀዋለሁ። በጎቹን ራሳቸውን አውቃቸዋለሁ።"

አያችሁ፣ ሰውየው ክርክር አገኙ። ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ቀነሰ።

ይህን የሰማው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ ካሣዬ ደሙ ፈላ። አቶ ካሣዬ የታሪክ ምሁር ነው፤ ቢያንስ እሱ እንዲያ ይል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ጥናት ጽፎ ግጥሙ ቻይናዊ መሆኑን ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ሺህ ዓመት፣ በየትኛው ተራራ ሥር እንደተገጠመ ደረሰበት። ገጣሚዋ ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ አንድ እግሯን የሚያማት ሴት ናት። የጥናቱ ምንጭ ምን መሰላችሁ? ቢሮው ውስጥ የተሰቀለ የግድግዳ ካላንደር። ካላንደሩ ላይ ተራራ አለ፤ ተራራው ላይ ጉም አለ። አበቃ።

ሁለት ሊቃውንት በእኔ ሆድ ዕቃ ላይ ሲጣሉ ቁጭ ብዬ ማየቱ፣ ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ቻይና የሚባለው ነገር ከጓድ ዘለቀ አፍ ጠፋ። ከላይ ነፋሱ ዞሮ ኖሯል፤ አሁን ወዳጅ ሞስኮ ናት፣ ቻይናን ማመስገን ያስጠይቃል። ጓድ ዘለቀ ፊርማውን ያኖረበት የቻይና ግጥም ደግሞ አውራጃ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። እንቅልፍ አጣ። በአስቸኳይ "የግጥሙን ምንጭ በሳይንሳዊ ዘዴ የሚያጣራ ጉባኤ" ጠራ። ጉባኤ ያለው እሱ ነው። ግራዝማች ግን የመጡት ለችሎት ነበር፤ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አርባ ዓመት የተሟገቱበትን ዘንግ ይዘው።

"መጀመሪያ ሥርዓቱ ይፈጸም" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ከሳሽ እኔ ነኝ። ተከሳሽ ቻይና ናት። ተከሳሽ ትቅረብና እንቆራኝ።"

የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። በዱሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ልብሳቸው ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል።

"አቶ ደምሴ፣ ቻይና እኮ መምጣት አትችልም" አለ ጓድ ዘለቀ።

"ዋስ ትጥራ እንግዲያ። ለቻይና ዋስ የሚሆን አለ?"

ሰው ሁሉ ጋቢው ውስጥ ገባ። በዚያን ሰሞን ለቻይና ዋስ ሆኖ የሚነሳ ሰው ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም። አቶ ካሣዬ ግን ምሁር ነው። ምሁር ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ከጻፈ በኋላ ሰማይ ቢወድቅ ወደ ኋላ አይልም።

"እኔ እቀርብላታለሁ" አለ።

የግራዝማች ጋቢ ጫፍ ከአቶ ካሣዬ ከረባት ጋር ተቋጠረ። ግራዝማች ለመናገር እጃቸውን ባነሱ ቁጥር የአቶ ካሣዬ አንገት ይሳባል። አቶ ካሣዬም ጥናቱን ማንበብ ጀመረ። "ጉሙ የቻይና ጉም መሆኑ ከጥግግቱ ይታወቃል" ከሚለው ላይ ሲደርስ የሞላሌ ጉም በመስኮት ገባና ወረቀቱን ጋረደበት። የቀረውን አሥር ገጽ ሳናውቅ ቀረን።

ግራዝማች ተራቸው ደረሰ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ ነቀሉና ተከሉ።

"ተጠየቅ! አፈሩ ሲወሰድ ዝም ያለ፣ ቃሉም ሲወሰድ ምን ቃል አለ? ተጠየቅ፣ ቻይና!"

"ልጠየቅ" አለ አቶ ካሣዬ፣ አንገቱን እያሻሸ።

"የወለተ ሐና ግጥም አንተ ዘንድ ምን አመጣው?"

"ግራዝማች፣ ቻይና እኮ ሩቅ ነው። የራቤል ግጥም በምን እግሩ ይደርሳል?"

"ራቤልም ሩቅ ነው። ግን እህቴን ዳርንበት። ሰው የሚሄድበት ግጥም አይሄድም?"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ነጥብ ለግራዝማች። ሰውየው ግለቱ ጨመረ፤ ጋቢያቸውን ሲወረውሩ አቶ ካሣዬ አብሮ ተወረወረ።

"ስሙኝ፣ ሰዎች። 'የሸኙህ እግሮቼ ከደጅ ቆመው አሉ' የሚል ሰው ዛሬ አለ? የለም። ዛሬ ያለው ደመወዝተኛ ነው። ይህን የተናገረ ሰው በሕይወት ቢኖር፣ ደሀም ቢሆን፣ ርስት አልባም ቢሆን፣ ልጄን ያለ ጥሎሽ እድርለት ነበር።"

እንግዲህ እናንተ እኔን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ብድግ አልኩ።

"ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

እንዲያ የተሳቀ ሳቅ ሞላሌ ከዚያ በፊት አልሳቀችም፤ ከዚያም በኋላ አልሳቀችም። አቶ ካሣዬ መነጽሩን አስተካከለ።

"የእኔ ወንድም፣ ጥናቱ እኮ በግልጽ ያሳያል። ገጣሚዋ ሴት ናት። ስድሳ ዓመት አልፏታል። አንተ እግርህን ያምሃል?"

"አያመኝም።"

"ታዲያ?"

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን አዳራሹ ሙሉ ቡዳ ነበር። ጓድ ዘለቀ በበኩሉ "ጓድ መምህር፣ ይህ ግለኝነት ነው" አለኝ። ግራዝማች ግን አልሳቁም፤ በትዝብት አዩኝ።

"አንተ የመርሐቤቴ ሰው ነህ። የቆላ ሰው ጉም የት ያውቃል? እማኝ አለህ?"

"የጻፍኩበት ደብተር ነበረኝ።"

"ደብተር አይምልም።"

"ሌላ እማኝ የለኝም።"

"ውሸታም ነሃ" አሉ፣ በቀስታ። በቀስታ መሆኑ ነው የገደለኝ። ሽማግሌ ስልክባቸው ርስት የለህም ብለውኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስምም የለኝም። ያውም በየሺ ፊት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ሞላሌን ያላዩ ናቸው፤ እዚያ ንጋቱም ጉም ነው። ልቀመጥ ጉልበቴን ሳጥፍ ከሴቶቹ ጥግ ድምፅ መጣ።

"እማኝ አለው።"

የሺ ቆማለች። እጇ ላይ ትልቅ ልቃቂት፣ የሕፃን ራስ የሚያህል የሱፍ ፈትል ጥቅልል ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትፈትል የማየው፣ ዓመት አልፎት የማያልቀው ልቃቂት ነው።

"አባባ፣ ጫፉን ይያዙልኝ" አለች።

ግራዝማች ግራ ተጋብተው ጫፉን ያዙ። እሷ ልቃቂቱን እየፈታች ሄደች። ክሩ በሽማግሌዎቹ አግዳሚ ሥር አለፈ፣ በአቶ ካሣዬ እግር ዞረ፣ የጓድ ዘለቀን ጠረጴዛ ተሻገረ፣ በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። አዳራሹ የሸረሪት ቤት መሰለ። ልቃቂቱ ብርቱካን አከለ፣ ሎሚ አከለ... በመጨረሻ ክሩ አለቀና አንድ የታጠፈ ወረቀት መሬት ላይ ጠብ አለ። የእኔ ወረቀት። እሳት ማያያዣ አልሆነም። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ እንዳያዩት ክር ስትጠመጥምበት ኖራለች።

ግራዝማች አነሱት። ቤተ ክህነት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ጮክ ብለው አነበቡ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ይኼ ምንድን ነው? የተሰረዘ አለበት..."

አለበት። ያኔ ንጹሕ ወረቀት ስላልነበረኝ ስርዝ ድልዙን እንዳለ ነበር የሰጠኋት።

"ያንብቡት እንጂ፣ አባባ" አለች የሺ።

"'የአባትሽ ውሻ ያባረራቸው እግሮቼ...' ይላል። ከዚያ ሰርዞ ነው 'የሸኙህ' ያለው።" ቀና አሉ። "እኔ ውሻዬን ቻይና ልኬው አላውቅም።"

አቶ ካሣዬ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ሳብ ሲያደርጉት ዘጋው።

አሸነፍኩ ብላችሁ ደስ አላችሁ? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጓድ ዘለቀ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

"ጓድ መምህር፣ ይህ የተጻፈው ከመሬት አዋጁ በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት ነዋ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ጥንታዊነቱ ክብር መስሎኝ።

"ከአዋጁ በፊት በግለሰብ እጅ የነበረ ሀብት የሰፊው ሕዝብ ነው" አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። "ስለዚህ ግጥሙ የቻይና አይደለም። የአቶ ደምሴም አይደለም። የአንተም አይደለም። ተወርሷል። ግጥም ለአንጎራጓሪው።"

"ካሳስ?"

"ለባላባት ካሳ የለም።"

ሰፊው ሕዝብ በክር እንደተተበተበ አጨበጨበ። ለአውራጃ የሄደው ደብዳቤ ላይ "ገጣሚ፦ ቻይና" የሚለው ተፍቆ "ገጣሚ፦ ሰፊው ሕዝብ" ተባለ። ከደመወዝተኛነት ተነስቼ ባላባት ለመሆንና ለመወረስ የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ስወጣ ግራዝማች ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ከአቶ ካሣዬ ተፈትተዋል። ለልጄ ደብዳቤ ጻፍክ ብለው በዘንጉ ሊሉኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ትከሻዬን ያዙኝ።

"አንተንም ወረሱህ?"

"ወረሱኝ፣ ግራዝማች።"

"ያለ ካሳ?"

"ያለ ካሳ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንግዲያማ ወገን ነህ" አሉኝ። "ቅዳሜ ሽማግሌህን ላክ።"

ተጋባን። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን መልስ እንዳልሰጠችኝ የሺን ስጠይቃት "እየፈተልኩት ነበራ" አለችኝ። የተዳርንበትን ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከዚያው ፈትል የሠራው ሸማኔ ክሩ አንዳንድ ቦታ ላይ የጫማ ምልክት አለበት ብሏል። የአቶ ካሣዬ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልጽፍላችሁም ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ዕለት ግራዝማች ሕፃኑን ታቅፈው፣ የቀድሞ ባላንጣዎቻቸውን ሁሉ ዙሪያቸውን ሰብስበው፣ ያችን የተወረሰች ግጥም ቃል በቃል ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"እስቲ ንገረኝ፣ አማቼ። መንግሥት ያልፋል። ያልፋል አይደለም?"

"ያልፋል" አልኩ፣ ግራ ቀኝ አይቼ።

"ያለፈ እንደሆነ የግጥሙ ወራሽ ማነው?"

"ልጄ ነዋ።"

"ልጅህ የማን የልጅ ልጅ ነው?"

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መዝግቡልኝ" አሉ ግራዝማች ሕፃኑን ከፍ አድርገው፤ "በሴት መስመር ተመልሶ ገብቷል።"

እኔ ሞኙ ሚስት የሰጡኝ መስሎኝ... ለካ ይግባኝ ተብሎብኝ ኖሯል።